አውቶቡስ የሌለበት ገና

ለንደን በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከእናቴ ጋር በስልክ የተከራከርነው በአንዲት ቃል ነበር። «ክረምቱ ከበደኝ» አልኳት። «የምን ክረምት? በታኅሣሥ?» አለችኝ። ለእሷ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭቃ፣ ነጎድጓድና የተጠበሰ በቆሎ። ታኅሣሥማ ሰማዩ የሚጠራበት በጋ ነው። እዚህ ፀሐይዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ብቅ ብላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ እንደምትገባ በአገራችን ሰዓት አስልቼ ነገርኳት።

«ታዲያ መቼ ነው የምትሠሩት?»

«በጨለማ።»

«ፀሐይዋም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ናት በይኛ» ብላ ሳቀች።

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ስመላለስ ከርሜ የመኖሪያ ፈቃዴ እጄ ሲገባ፣ ካምደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አገኘሁ። እዚህ ያለን ሐበሾች «ኬር» የምንለው ሥራ ነው፤ አዛውንቶቹን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማጫወት። ኅዳር መጨረሻ ላይ አለቃችን አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈች። በፈረንጆቹ ገና፣ በዲሴምበር ሃያ አምስት፣ ማን ይሠራል? ሁሉም ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ እጄን አወጣሁ። የእኛ ገና የሚውለው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ የእነሱን ቀን ሠርቶ በራስ ቀን ማረፍ ማን ይጠላል? አለቃዬ ደስ ብሏት አቀፈችኝ። ቀጥላም «ትራንስፖርትሽን አሬንጅ አድርገሻል?» አለችኝ። የምኖረው ካሌዶኒያን ሮድ ነው፤ አውቶቡሱ እደጃፌ ይቆማል። ምን አሬንጅ የሚደረግ ነገር አለ? «አድርጌያለሁ» አልኳት በኩራት።

በዋዜማው፣ ክሮይደን የምትኖር አራስ ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር «ብቻዬን ጥለሽኝ አትሄጂም» ብላ አሳደረችኝ። ሥራ የምገባው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ አልተጨነቅኩም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤቴ ደርሼ ልብሴን ልቀይር ብዬ ወጣሁ። ገና አልነጋም። ትራም ማቆሚያው ላይ አንድም ሰው የለም። አሥር ደቂቃ ቆምኩ፤ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። አንዲት ቀበሮ ሐዲዱን እንደ ቤቷ በረንዳ ተንጎራድዳ ተሻገረች። በመጨረሻ ውሻውን ይዞ የወጣ ሰውዬ አየኝና ቆመ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ትራም።»

«ዛሬ እኮ ክሪስማስ ነው።»

«አውቃለሁ፤ እንኳን አደረሰህ!»

«አይ፣ ትራም የለም ማለቴ ነው። አውቶቡስም የለም። ባቡርም የለም፤ ከመሬት በላይም፣ ከመሬት በታችም። እስከ ነገ ድረስ።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ይህች መሬቷ ሥር እንኳ ዕረፍት የሌላት ከተማ፣ በዓመት አንድ ቀን ጎማዋን ሁሉ አቁማ እንደምትተኛ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ታክሲ ቤት ደወልኩ፤ የሚያነሳ ጠፋ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«አሬንጅ አድርጌያለሁ ብለሽኝ የለም እንዴ!» አለችኝ፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። ምሳ የሚያበላ ሰው እንዳነሰ ገባኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

«በምን?»

«በእግሬ።»

አዲስ አበባ ታክሲ ባደመበት ቀን ከኮተቤ ፒያሳ ድረስ በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ክሮይደንና ካምደን ግን የከተማው ሁለት ጫፎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ አራት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ነው። የጫማዬን ክር አጠበቅኩና ወደ ሰሜን አቀናሁ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ብዙም ሳልርቅ ንዴቱ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። በየመስኮቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ቤት መጋረጃው ተገልጦ፣ ፒጃማ የለበሰች ሕፃን ከራሷ የሚበልጥ ሣጥን እየቦጨቀች ስትከፍት አየሁ፤ እሷም አየችኝና እጇን አውለበለበችልኝ። ሌላው ቤት በር ላይ ለገና አባት የተተወ ሰሐን አለ፤ ጋሪውን የሚጎትቱለት አጋዘኖች እንዲበሉት የተቀመጠው ካሮት ግማሹ ተገምጧል። አባትየው ተነስቶ መገመጡ ነው! ሌላ ቀን የመኪና ወንዝ በሆነው መንገድ መሐል፣ በነጩ መስመር ላይ እጆቼን ዘርግቼ እንደ ልጅ ሄድኩ። የሚቆጣኝ አልነበረም።

ኖርበሪ የሚባለው ሰፈር ስደርስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ሲራመዱ አየሁ። ጥቁር የጥበቃ ካፖርት ለብሰዋል፤ እጀታው ቆልመም ያለ ጃንጥላ ይዘዋል፤ አንገታቸው ላይ ደግሞ ነጭ ጋቢ ተጠምጥሟል። ልቤ ዘለለች።

«ጤና ይስጥልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘወር አሉ። «አብሮ ይስጥልን፣ ልጄ! አንቺንም ከተማው ጣለሽ?»

«ጣለኝ፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«እኔ እንኳ አልተጣልኩም፤ በየዓመቱ ወድጄ ነው። አንድ መጋዘን እጠብቃለሁ። በዚህ ቀን ተረኛ አድርጉኝ ብዬ የምለምነው ይህን መንገድ በእግሬ ለመሄድ ነው። አውቶሞቢል የሚባል ነገር የሌለባት ለንደን፣ የት ይገኛል?»

ቤታቸው ኬኒንግተን ነው፤ የሌሊት ተራቸውን ጨርሰው ወደዚያው እየተመለሱ ነው። ለንደን የገቡት በደርግ ጊዜ ነው፤ አማርኛቸውም ያኔ እንደወጣ የቀረ ነው። እርምጃቸው ግን የወጣት ነበር፤ እየተንደረደርኩ ነው የምደርስባቸው። የእንግሊዞቹን የክረምት ልማድ አንድ በአንድ ያውቁታል። እኔም ስንት ጊዜ አፍሬ ያልጠየቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ቦክሲንግ ደይ ነው ይላሉ። ምንድነው፣ ሰው ይቧቀሳል?»

ቆመው በጃንጥላቸው ተደግፈው ሳቁ። «እኔም የመጀመሪያው ዓመት ከቤት አልወጣሁም፤ ይመቱኛል ብዬ! ሣጥን ነው እንጂ ቡጢ አይደለም። ድሮ ባለጠጎቹ ለአሽከሮቻቸው በገና ማግስት ስጦታ በሣጥን ይሰጡ ነበር አሉ። ዛሬ የተረፈውን ሥጋ እየበሉ ኳስ የሚያዩበት ቀን ነው።»

«በረዶስ? ሁሉም ይወርዳል አይወርድም ሲሉ ነው የሰነበቱት።»

«ውርርድ ነዋ! የገና ቀን በረዶ ወርዷል ለማለት አንዲት ብናኝ ትበቃለች። አንዲት! ዓይን የሚያስገባ ባይሆንም ወርዷል ይባላል።» ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። ግራጫ ነው፤ ምንም አይወርድበትም። «ዛሬ ተበልተዋል» አሉ።

ስትሬተምን አልፈን ወደ ብሪክስተን የሚወስደው ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ ውሻ የጣላት አንዲት የቴኒስ ኳስ መንገዱ ዳር ተቀምጣለች። ጋሼ ኳሷን አዩ። ጃንጥላቸውን አዩ። ገለበጡና ከጫፉ ያዙት፤ ቆልማማው እጀታ ወደ ታች ሆነ። ያኔ እኔም ገባኝ። የገና ዱላ!

«ከየት ወገን ነሽ?» አሉኝ፣ ፊታቸው በአንዴ ሃያ ዓመት ቀንሶ።

«ከላይኛው!»

«እኔ ከታችኛው። ያዢ!»

ኳሷን መቷት። በባዶው አስፋልት ላይ እየነጠረች ቁልቁል ስትከንፍ በሩጫ ተከተልኳት። ዱላ ስለሌለኝ በእግሬ መለስኩላቸው፤ «ይሄ የሴት ሕግ ነው ወይ?» ብለው ጮኹና ደግመው መቷት። የገናን ጨዋታ የማውቀው ከግንብ አጥር ጀርባ ሆኜ ወንድሞቼ ሲጫወቱ በማየት ነበር፤ ለሴት ልጅ ማን ዱላ ሰጥቶ! ጋሼ ግን መንገዱ መሐል ላይ ጃንጥላውን አቀበሉኝ። «ምቺ!» አሉኝ። መታሁ። የመጀመሪያው ነፋስ ነው የመታው። ሁለተኛው ኳሷን አገኛት፤ ከአንድ የተዘጋ የሥጋ ሱቅ በር ጋር ተላትማ ተመለሰች። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ይህን ጊዜ የፖሊስ መኪና ከኋላችን ቀስ ብሎ መጥቶ ቆመ። ሁለት ፖሊሶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። እኔ ደርቄ ቀረሁ፤ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ፍርሃት እግሬን ያዘኝ። ጋሼ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ሴትየዋ።

«የአገራችን የገና ጨዋታ ነው» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ። «በዚህ ጨዋታ ጌታም አይቆጣም የሚል ተረት አለን።»

ፖሊሷ ባልደረባዋን አየችው። ከዚያ «ማን እየመራ ነው?» አለች።

«እሷ» አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ውሸት ነው፤ ግብ እንኳ አልነበረንም።

«በሉ እግረኛ መንገዱን ያዙ። መልካም ገና!» ብላ ሄደች። መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ጠበቅንና እኔ ሳቄን ለቀቅኩት። ጋሼ ደግሞ «ʻበገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታʼ ለለንደን ፖሊስም ይሠራል ማለት ነው!» አሉ።

ኬኒንግተን ስንደርስ ቤታቸው ያለበትን መታጠፊያ አሳዩኝ። «ከዚህ በኋላ ድልድዩን ተሻገሪ፤ ቀጥ ብለሽ ስትሄጂ ትልቁ አደባባይ ላይ አንድ ረጅም ጥድ ታያለሽ። ከኖርዌይ ነው የሚመጣው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ስለረዷቸው ምስጋና ብለው በየዓመቱ አንድ ዛፍ ይልካሉ። ቁሚና እዪው፤ ውለታ የማይረሳ ሰው ደስ ይላል።» ከዚያ እጃቸውን አንስተው «እግርሽን እሾህ አይውጋው» ብለው መረቁኝ። ስልክ እንኳ ሳንለዋወጥ ተለያየን። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም፤ በጣም ይቆጨኛል።

ድልድዩ ላይ ወንዙና እኔ ብቻ ነበርን። አደባባዩ ላይ ጥዱ ቆሟል፤ እርግብ እንጂ ሰው የለበትም። ከሩቅ አገር በመርከብ መጥቶ እዚህ ብቻውን መቆሙን ሳይ እንደ ዘመድ ሰላም አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሰዓቴን እያየሁ ግማሹን በሩጫ ነው የጨረስኩት።

ካምደን ደርሼ የመኖሪያ ቤቱን ደወል ስደውል ለእኩለ ቀን አምስት ደቂቃ ጎድሎት ነበር። አለቃዬ የአጋዘን ቀንድ የተሰፋበት ኮፍያ አድርጋ በሩን ከፈተች።

«ከክሮይደን? በእግርሽ?»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሳሎን ገባ። አዛውንቶቹ ከየወንበራቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከመካከላቸው ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት የቀድሞ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ቢወጡም ትእዛዛቸው ጡረታ አልወጣም። «ጫማሽን አውልቂ» አሉኝ። «ኧረ ግድ የለም፣ ሥራ አለኝ» ብል «አውልቂ!» አሉ፤ እንደ ተማሪ አወለቅኩ። ተረከዜ ውኃ ቋጥሯል። አለቃዬ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥታ እግሬን ነከረችልኝ። በየቀኑ የእነሱን እግር የማጥበው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ሁሉም ዙሪያዬን ከበው የእኔ እግር ሲነከር ያያሉ። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ አስተማሪዋ ግን «አሥር ደቂቃ ነው የምሰጥሽ፣ ከዚያ ድንች ታቀርቢያለሽ» ብለው አሳቁኝ።

ምሳው ቀረበ። በየሰሐኑ ጎን በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ክራከር ይሉታል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲጎትት ጧ ብሎ ይፈነዳል። ከውስጡ የወረቀት ዘውድ፣ ትንሽ መጫወቻና ቀልድ የተጻፈባት ብጣሽ ይወጣል። እኔና አስተማሪዋ ጎተትን፤ ትልቁ ቁራጭ ለእኔ ደረሰ። ቀይ ዘውድ ደፋሁ። ቀልዱን አነበብኩት፤ አልገባኝም። ደግሜ አነበብኩት።

«አትልፊ» አሉኝ አስተማሪዋ። «ሆን ተብሎ ነው የማያስቀው። ጥሩ ቀልድ ቢሆን ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ አይገባውም። መጥፎ ቀልድ ሲሆን ግን ሁላችንም አንድ ላይ እንማረራለን።» እውነትም ጮክ ብዬ ሳነበው ጠረጴዛው በሙሉ «ኡ‐ኡ‐ኡ» አለ፣ በደስታ።

የእኛ የነቢያት ጾም ገና አላለቀም ነበር። የቱርክ ዶሮው ቀርቶ ድንቹ እንኳ የተጠበሰው በዝይ ስብ ነው። ሰሐኔ ላይ የቀረው የተቀቀለ ካሮትና ብራስልስ ስፕራውት የሚሉት ቡጢ የማታህል ጥቅል ጎመን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ያችን ጎመን እያጉረመረመ አንዳንድ ፍሬ ይወስዳል፤ ማንም አይወዳትም፣ ግን ካልቀረበች ገና አይባልም። እኔ አሥራ ሁለት በላሁ። እርቦኝ ነበርና ጣፈጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስሜ «ጎመን የምትወደው» ሆኖ ቀረ።

ከምሳው በኋላ አለቃዬ በድንገት መብራቱን አጠፋች። መጋረጃውም ተዘጋ። ወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ወጥ ሠሪው የሆነ ነገር ይዞ ገባ። ጥቁር፣ ድቡልቡል ነው፤ ሰማያዊ እሳት ላዩ ላይ ይንቀለቀላል።

ሥራ ስጀምር የሰጡኝ የእሳት አደጋ ትሬኒንግ ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር። አደጋ ስታዪ አታመንቺ፣ ብለውኛል። አላመነታሁም። እግሬ ከተነከረበት ሳፋ ጎን የነበረውን እርጥብ ፎጣ አነሳሁና «እሳት!» ብዬ ጮኼ ሙሉውን ድቡልቡል ሸፈንኩት።

እሳቱ ጠፋ።

መብራት በራ። ወጥ ሠሪው ትሪውን እንደያዘ ፎጣውን ያያል። አዛውንቶቹ ፎጣውን ያያሉ። ከዚያ ለወራት ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቅ፣ መስኮት ዳር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው እንደ አሮጌ መኪና ሞተር ተንተፋትፎ ተነሳ፤ ከዚያ አላቆመም። ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው። አለቃዬ ቀንዷ ተንጋዶ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወጥ ሠሪው ራሱ ትሪውን አስቀምጦ እንባውን ጠረገ።

ለካ ልማዳቸው ነው። ያ የገና ፑዲንግ የሚባል ኬክ በኅዳር ተዘጋጅቶ ሲቦካ የቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ ምኞቱን በልቡ እየተመኘ ያማስለዋል። ለአንድ ወር ከተቀመጠ በኋላ በገና ቀን ብራንዲ አፍስሰው በእሳት ያቃጥሉታል። ጉዳት የለውም፤ መጠጡ ተቃጥሎ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል። ወጥ ሠሪው ደግነቱ ሁለተኛ ፑዲንግ ነበረው። «አሁን ይህቺን ሴት ያዙልኝ!» ብሎ እንደገና መብራት አስጠፋ። አስተማሪዋ የምር እጄን ያዙኝ። ሰማያዊው እሳት በጨለማው ውስጥ ሲጨፍር ግን ሁላችንም ፈዝዘን አየነው። ደመራ በትንሹ፣ በሰሐን ላይ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ ንግሥቲቱ የገና ንግግር የሚያደርጉበት ሰዓት ነው። ዘውድ የደፋ የሳሎን ሰው ሁሉ ዘውድ ያልደፉትን ንግሥት አዳመጠ። አስተማሪዋ በመካከሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የእናንተ ገና ከእኛ በኋላ ነው አልሽኝ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

«ብልጦች ናችሁ። ከነገ ጀምሮ ሁሉም ነገር በግማሽ ዋጋ ነው።»

እውነታቸውን ነበር፤ እሳቸው ያላወቁት ነገር ግን፣ አንዳንዱ ነገር ጭራሽ በነፃ መሆኑን ነው።

በእኛ ገና ዋዜማ ቤት ከምጋራት ጓደኛዬ ጋር ከገበያ እየተመለስን ነበር። እሷ ለንደን የተወለደች ሐበሻ ተማሪ ናት፤ አማርኛዋ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ሳይቀላቀለው ቤት አይደርስም። ካሌዶኒያን ሮድ ስንገባ በየእግረኛ መንገዱ ዳር የገና ዛፎች ተጥለዋል፤ አረንጓዴ እንደሆኑ፣ አንዳንዶቹ የብር ክር ተንጠልጥሎባቸው።

«ምን ሆነው ነው የጣሏቸው?»

«ኦ፣ ቤድ ለክ ነው» አለች። «ከገና በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ካለፈ ዛፉን ቤት ማቆየት መጥፎ ዕድል ያመጣል ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው በዚህ ሰሞን ያወጣዋል።»

«የእኛ ገና እኮ ነገ ነው!»

ተያየን። በዚያው ቅጽበት ከፊታችን ካለው ቤት አንድ ሰውዬ የሚያምር፣ ከእኔ ቁመት ጥቂት የሚበልጥ ጥድ እየጎተተ ወጣ። እንደ ጥፋተኛ አየንና «ይቅርታ፣ መንገድ ዘጋሁባችሁ» አለ።

«ልንወስደው እንችላለን?» አለችው ጓደኛዬ።

«ምን ልታደርጉበት?»

«ገና ልናከብር ነዋ!» አልኩት።

ሰውዬው እኛንም ዛፉንም አየ። ሊያስረዳን አፉን ከፈተ፤ ተወው። ገባና የመብራቶቹን ገመድ ይዞ ተመለሰ። «ይሄንንም ውሰዱት፣ ይሠራል» አለን።

እሷ ከጫፉ፣ እኔ ከሥሩ ይዘን ጉዞ ጀመርን። አላፊ አግዳሚው ይስቃል፤ «ዘገያችሁ!» ይለናል አንዱ፤ «ኧርሊ ነን! ለሚቀጥለው ዓመት!» ትለዋለች እሷ። ቅጠሉ አንገቴ ውስጥ እየገባ ይወጋኛል። ደረጃው ላይ ዛፉ እንደ በሬ አልታጠፍም አለ። «ፑሽ!» ትላለች ከላይ፤ «ሳቢው!» እላለሁ ከታች፤ ጎረቤቶች በር ከፍተው ያዩናል። በመጨረሻ አንድ ላይ «ሦስት!» ብለን እሷ ስትስብ፣ እኔ ስገፋ ከነዛፉ በሩ ውስጥ ወደቅን። ተነሥተን ዛፉን ጥግ ላይ አቆምነውና የሰውዬውን መብራት ሰካነው፤ እውነትም ይሠራል።